አጥንቱ ሳይሰበር፦ ለሳንባ ካንሰር ታማሚዎችና ለሚያስታምሟቸው

የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው ጀርባዬን አመመኝ ሲል ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነገረው «ብርድ ነው» የሚል ነው። ቀጥሎ ፍራሹ ይወቀሳል፤ ከዚያም ዕድሜው። ቅባት ይገዛል፣ የሚያሽ ሰው ይጠራል፣ የዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋል። በዚህ መሃል ሦስትና አራት ሳምንት ያልፋል። ይህ ትምህርት የተጻፈው ስለነዚያ ሳምንታት ነው። ሊተርፍ የሚችል እግር ሽባ የሚሆነው፣ ቀድሞ ሊጠገን የሚችል ጭን የሚሰበረው በአብዛኛው በእነሱ ውስጥ ነው፤ ይህ እንዳይሆን ማድረግ ደግሞ ይቻላል።

ነገሩን ከሥሩ እንያዝ። ከሳንባ ተነሥቶ አጥንት ላይ ያረፈ ካንሰር የአጥንት ካንሰር አይባልም። ቦታ ቀየረ እንጂ ጠባዩን አልቀየረም፤ ያው የሳንባ ካንሰር ነው፣ አጥንቱ ላይ ያለውንም የሚያክመው ለሳንባ ካንሰር የተሠራው መድኃኒት ነው። በሽታው ከገፋባቸው ታማሚዎች መካከል ከ10 ሰው ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት አጥንታቸው ይነካል። በብዛት የሚነኩት አከርካሪ፣ የጎን አጥንት፣ ዳሌ፣ የጭንና የላይኛው ክንድ አጥንቶች ናቸው።

ለምን አጥንት? እ.ኤ.አ. በ1889 ስቴፈን ፓጄት የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላብጦ ነበር። ካንሰሩ አንዳንዱን አካል ደጋግሞ ሲነካ ሌላውን እንደሚያልፍ አየ። ካንሰሩን በዘር፣ የሚያርፍበትን አካል በመሬት መሰለው፤ ዘር በየአቅጣጫው ቢበተንም የሚበቅለው የሚስማማው መሬት ላይ ነው። የሳንባ ካንሰር ደግሞ ለመበተን የሚመች ስፍራ ላይ ተቀምጧል። ከሳንባ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ ግራ ክፍል ገብቶ ወደ መላ አካል ይረጫል፤ ከዕጢው የተገነጠለ ሴልም ከዚያው ጋር ይሄዳል።

መሬቱ እንዴት እንደሚመቸው ማወቅ ሕክምናውን ለመረዳት ያግዛል። አጥንት ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲሠራ ይኖራል። አሮጌውን የሚያፈርሱት ሴሎች ኦስቲዮክላስት፣ አዲሱን የሚገነቡት ኦስቲዮብላስት ይባላሉ፤ በጤናማ ሰው የሁለቱ ሥራ ይመጣጠናል። መቅኔ ውስጥ የገባው የካንሰር ሴል አጥንቱን በአብዛኛው ራሱ አይበላውም። ራንክ ሊጋንድ የተባለ ፕሮቲን እንዲበዛ አድርጎ አፍራሾቹን ያነሣሣል። አጥንቱ ሲፈርስ ውስጡ ተከማችተው የነበሩ የዕድገት ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ፤ እነሱን ካንሰሩ ይመገባቸዋል። ካንሰሩ ባደገ ቁጥር መፍረሱ ይብሳል፣ መፍረሱ በባሰ ቁጥር ካንሰሩ ያድጋል።

ሐኪሞች ይህን ዑደት ሲያዩ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ አፍራሾቹን ሴሎች አስቀድመን ብናስቆማቸው ካንሰሩ ማረፊያ ያጣ ይሆን? ተሞክሯል። ደረጃ 3 ላይ ያሉ፣ በሽታው ገና ያልተሰራጨባቸው የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለው የአጥንት መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት በሽታው እንዳይገፋ እንዳላገደው አሳየ። ስለዚህ አጥንቱ ንጹሕ ለሆነ ታማሚ፣ የአጥንት መሳሳት ወይም ሌላ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ይህ መድኃኒት አይሰጥም። ውድ መድኃኒት ለመግዛት ከብት የሚሸጥ ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት።

ታዲያ የሚከላከሉት ምኑን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ የሳንባ ካንሰሩን ራሱን። ዋናው መንሥኤ ትምባሆ ነው፤ በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተከለሉ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች ማጨስን የከለከለውም ያለ ምክንያት አይደለም። መስኮት በሌለው ማድቤት ለዓመታት የሚተነፈስ የእንጨት ጭስም ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ነው። ካንሰሩ ከተገኘ በኋላም ቢሆን ማጨስ ማቆም ይጠቅማል፤ ሲጋራ አጥንትን ያሳሳል፣ የቁስልን መዳን ያዘገያል። አንዴ በሽታው አጥንት ላይ ካረፈ ደግሞ የምንከላከለው ጉዳቱን ነው፦ ስብራቱን፣ የህብለ ሰረሰሩን መጫን፣ የካልሲየሙን መብዛት፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚያስቀረውን ሕመም። ይህኛው ዓይነት መከላከል በእርግጥ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ሕመሙ በጊዜ ከተነገረ ነው።

እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ ከሐኪም የሚበልጠው። ሐኪሙ «አባባ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሣዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። «ኧረ ልጄ፣ እርጅና ነው» ይሉታል። ልጆቼን አላስቸግር፣ ለሌላ ምርመራ ገንዘብ አላስወጣ ብለው የሚደብቁ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ፍቅራቸው ነው የሚያስደብቃቸው። አጠገባቸው የሚተኛው ሰው ግን ሌሊት ስንቴ እንደተገላበጡ ያውቃል። ከካንሰር የሚመጣ የአጥንት ሕመም ዐረፍ ሲሉ አይተውም፤ ብዙ ጊዜ ተኝተው ሳለ ይብሳል፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይጨምራል፣ አንድ ቦታ ላይ ጣት ሲያሳርፉበት ያማል። የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ሕመም ሲሰማው፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይንገር።

ራጅ ተነሥቶ «ምንም የለም» መባሉም አያዘናጋ። አጥንት ላይ የተበላ ቦታ በራጅ የሚታየው ከማዕድኑ ከ30 እስከ 50 በመቶው ከጠፋ በኋላ ነው። ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ከዚያ ቀድሞ ያያል። በአገራችን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ስለሆነ፣ የጀርባ አጥንት ተጎድቶ ሲታይ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ሊጀመር ይችላል፤ በተቃራኒውም ካንሰር ነው ተብሎ ሊታከም የሚችል ቲቢ ሊታለፍ ይችላል። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በአከርካሪዎቹ መካከል ያለውን ዲስክ ያጠፋል፤ ካንሰር ደግሞ ዲስኩን ትቶ አጥንቱን ይበላል። ጥርጣሬ ሲኖር ናሙና መወሰድ አለበት፤ ቤተሰብም ለምን እንደሚወሰድ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የማይሰጠው ህብለ ሰረሰር ሲጫን ነው። የተበላው አከርካሪ ይደረመሳል፣ ወይም ዕጢው ወደ ውስጥ ያድግና ነርቮች የሚወርዱበትን ቦይ ያጣብበዋል። መጀመሪያ የሚመጣው ሕመም ነው፤ ደረትን ወይም ሆድን ዙሪያውን የሚይዝ፣ ሲያስሉ፣ ሲያምጡ ወይም ጋደም ሲሉ የሚብስ። ከዚያ እግር ይዝላል። ሰውየው ከዝቅተኛ ወንበር ለመነሣት እጁን መደገፍ ይጀምራል፣ ደረጃ ይከብደዋል፣ ነጠላ ጫማው ሳያውቀው ከእግሩ ይወልቃል። እግሩ ይደነዝዛል፤ ሽንት አልወርድ ይላል ወይም ያመልጣል። ሽንት ላይ ከደረሰ ብዙ ዘግይቷል።

እነዚህን ምልክቶች ያየ ቤተሰብ ነገ አይበል፤ ሌሊትም ቢሆን ይሂድ። በድንገተኛ ክፍል በር ላይ እንዲህ ብላችሁ ተናገሩ፦ «የሳንባ ካንሰር ታማሚ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እግሩ ዝሏል፤ ህብለ ሰረሰሩ ተጭኖ እንዳይሆን ይታይልን።» ይህ አነጋገር ወረፋውን ይለውጣል፤ «ወገቡን አሞታል» ያለ ሰው ግን ሰዓታት ሊጠብቅ ይችላል። ሲጓጓዝ ወንበር ላይ ተደግፎ ከሚቀመጥ ጀርባው ተዘርግቶ ቢተኛ ይሻላል። ሐኪሙ ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒት ይጀምርና መላ አከርካሪውን በኤምአርአይ ያስነሣል፤ ይህ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ነው የሚመከረው። ከዚያ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ህብለ ሰረሰራቸው በአንድ ቦታ የተጫነ 101 ታማሚዎች ተመርምረው፣ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ካገኙት 84 በመቶው ከሕክምናው በኋላ መራመድ ሲችሉ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት የቻሉት 57 በመቶ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው ለሁሉም አይሆንም፤ የሰውየው አቅምና የበሽታው ስርጭት ይወስነዋል። በሁሉም ዘንድ እውነት የሆነው፣ በእግሩ እየተራመደ ሕክምና የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እየተራመደ እንደሚቀጥል፣ ሽባ ሆኖ የመጣው ግን የሚመለስበት ዕድል ጠባብ መሆኑ ነው።

ወጌሻ ለወለምታና ለስብራት ትውልድ ያለፈ ሙያ አለው፤ አላጣጥለውም። ካንሰር የበላው አጥንት ግን መታሸትንም መጎተትንም አይችልም፤ ያልተሰበረው ይሰበራል፣ የተሰነጠቀው አከርካሪ ይደረመሳል። ወጌሻውም በሽታው ከተነገረው ራሱ እንደሚመልሳችሁ እምነቴ ነው፤ ስለዚህ አትደብቁት። ፀበል የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ የሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ብቻውን አይቁም።

የጭን አጥንት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቆመን ስንሄድ መላ ክብደታችንን የሚሸከም ስለሆነ። እግር ሲረግጡ የሚብስ የጭን ወይም የብሽሽት ሕመም አጥንቱ ሊሰበር መቃረቡን ሊያመለክት ይችላል። የአጥንት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ሚረልስ የተባለ ነጥብ አሰጣጥ አለ፤ ቦታውን፣ የሕመሙን ክብደት፣ የጉዳቱን ዓይነትና ስፋት ከ1 እስከ 3 ይሰጡና ይደምሩታል። ድምሩ ከ12ቱ 9 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አጥንቱ ሳይሰበር በውስጡ የብረት ዘንግ ማስገባት ይመከራል። ያልተሰበረ እግር ለምን ይቀደዳል ብሎ መደንገጥ ያለ ነው። ከተሰበረ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፣ ማገገሙም ይረዝማል፤ ኬሞቴራፒውም እስከዚያ ይቋረጣል።

አጥንቴ እንዳይሰበር ብሎ ጭራሽ መተኛት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ደም እግር ውስጥ ይረጋል፣ ጡንቻ ይከሳል፣ ሳንባ ይታፈናል። ሐኪሙ እስከፈቀደው ድረስ በምርኩዝ መራመድ ይሻላል። ቤት ውስጥ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሣ፣ ሌሊት መብራት ይኑር። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ መሃሉ የተቀደደ ወንበር ይሠራለት፤ ለተነካ ዳሌና ጭን ከባዱ ነገር ቁጢጥ ማለት ነው።

ለሕመሙ ትልቁ መድኃኒት ጨረር ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው ተበደልኩ የሚለው እዚህ ነውና። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ የክልል ከተሞች ተጨምረዋል። ከሩቅ ገጠር መጥቶ፣ አልጋ ተከራይቶ፣ ወረፋ ጠብቆ የገባ ሰው «አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጨርሰዋል» ሲባል ያዝናል። ጎረቤቱ አሥር ጊዜ ነው የገባው። ገንዘብ የለኝምና ቆረጡብኝ ይላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ላልተወሳሰበ የአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በአሥር ቀን ተከፋፍሎ ከሚሰጥ 30 ግሬይ ጋር በብዙ ጥናቶች ተነጻጽሯል፤ ሕመም በማስታገስ ረገድ እኩል ናቸው። በሁለቱም በኩል ከ10 ሰው 6 ያህሉ ይሻላቸዋል። ልዩነቱ፣ አንዴ ከተሰጣቸው ሰዎች 20 በመቶ ያህሉ በዚያው ቦታ ጨረር ሲደገምላቸው፣ አሥር ጊዜ ከተሰጣቸው የሚደገምላቸው 8 በመቶ ያህሉ መሆናቸው ነው። ዘጠኝ ቀን የኪራይና የትራንስፖርት ወጪ የቀረለት፣ ቶሎ ቤቱ የገባ ሰው ተጠቀመ እንጂ አልተበደለም። አጥንቱ በብረት ከተጠገነ ወይም ሌላ ውስብስብ ነገር ካለ ሐኪሙ ረጅሙን ሊመርጥ ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከጨረሩ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሕመሙ ሊብስ እንደሚችል አስቀድማችሁ እወቁ፤ ያልፋል። እፎይታው የሚመጣው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ እስከዚያ የሕመም ማስታገሻው አይቁም።

አጥንቱ መነካቱ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ቀደም ሲል ያነሣሁት ዞሌድሮኒክ አሲድ ቦታ አለው። 4 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጣል፣ አፍራሾቹን ሴሎች ያስታግሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ፣ የሳንባና የሌሎች ጠጣር ካንሰሮች ታማሚዎችን ባቀፈ ጥናት፣ የመጀመሪያው የአጥንት ችግር የሚደርስበትን ጊዜ በመካከለኛ ግምት ከ163 ቀን ወደ 230 ቀን አራዝሟል። ዴኖሱማብ የተባለው ሌላው መድኃኒት በየ4 ሳምንቱ 120 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር የሚወጋ ሲሆን ራንክ ሊጋንድን በቀጥታ ይይዛል፤ ስብራትን በማዘግየት ከዞሌድሮኒክ አሲድ ያነሰ አይደለም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሁለቱም ካንሰሩን አያጠፉም። ዴኖሱማብ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲጨመር የሳንባ ካንሰር ታማሚዎችን ዕድሜ እንዳላራዘመ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ጥቅማቸው ስብራትና ሕመም ማዘግየት ነው፤ ይህን አውቆ መጀመር ያስፈልጋል።

እነዚህ መድኃኒቶች ከመጀመራቸው በፊት ጥርስ ይታይ። መነቀል ያለበት አስቀድሞ ይነቀል፣ ድዱም ይዳን፤ መድኃኒቱ ላይ ሆኖ ጥርስ መንቀል የመንጋጋ አጥንት እንዲሞትና ቁስሉ እንዳይድን ሊያደርግ ይችላል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ የደረሰበት ግን ለወራት ይሠቃያል። ዞሌድሮኒክ አሲድ ከመሰጠቱ በፊት ሁልጊዜ የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ይቀርበታል። በየፋርማሲው የሚወጋው ዲክሎፌናክ እዚህ ነው የሚጎዳው፤ በተለይ ሲስፕላቲን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት የሚወስድን ሰው ኩላሊት። ከመጀመሪያው የዞሌድሮኒክ አሲድ መርፌ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ሊመጣ ይችላል፤ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ግን ትኩሳት በመጣበት ቁጥር የመርፌው ነው ሳይል በዚያው ቀን ይታይ።

ካልሲየምን በተመለከተ፣ አጥንት ተነካ ሲባል የካልሲየም ክኒን ገዝቶ ማምጣት የብዙ ቤተሰብ ልማድ ነው። ሐኪሙ ከእነዚህ የአጥንት መድኃኒቶች ጋር ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሊያዝ ይችላል፤ ያኔ መወሰድ አለበት፣ ካልሆነ ካልሲየም ወርዶ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይጨማደዳል። ሳይታዘዝ ግን አይወሰድ። የሳንባ ካንሰር ራሱ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከመጠን በላይ ሊያደርገው ይችላል። ምልክቱ የማይረካ ጥማት፣ ብዙ ሽንት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም ድብታና መቀባጠር ነው። ቤተሰብ «በሽታው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሐኪም ቤት ቢወሰድ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በዚያው በዞሌድሮኒክ አሲድ በጥቂት ቀናት ሊነቃ የሚችል ሰው ነው። የቅልጥም ሾርባው ለአቅም ጥሩ ነው፤ ካንሰሩ የበላውን አጥንት ግን አይተካም።

ይህ ሁሉ አጥንቱን የሚጠብቅ ነው፤ ካንሰሩን ራሱን የሚያክመው በመላ አካል የሚዘዋወረው መድኃኒት ነው። ኬሞቴራፒ አንዱ ነው። የዕጢው ናሙና ለዘረመል ምርመራ ከተላከና ኢጂኤፍአር ወይም ኤኤልኬ የተባሉ ለውጦች ከተገኙ፣ እንደ ኦሲመርቲኒብና አሌክቲኒብ ያሉ ክኒኖች አጥንት ላይ ያለውን በሽታ ጭምር ያስታግሳሉ፤ ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ሲቀል የሚታይበት ጊዜ አለ። ምርመራውም መድኃኒቱም ውድ ነው፣ በቀላሉ አይገኝም። ቢሆንም ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ፣ ገንዘቡ ለማይረባ ነገር ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ስለዚህ ምርመራ ጠይቁት።

የቀረው ሞርፊን ነው። ሞርፊን ሲታዘዝ «አለቀለት ማለት ነው» ብሎ የሚያለቅስ ቤተሰብ አለ፤ ሱስ ይሆንበታል ብሎ ጠርሙሱን የሚደብቅም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የካንሰር ሕመም መመሪያ ላይ ሞርፊንን ያስቀመጠው በሕመሙ ልክ እንጂ በቀረው ዕድሜ ልክ አይደለም። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ዛሬ ይጀመራል፤ ጨረሩ ሲሠራ መጠኑ ይቀነሳል። የሚጠጣው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፤ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም። ታማሚው ልጹም ካለ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ተነጋገሩ፤ መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ አይፈርዱበትም። የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይወሰድ፤ ድርቀቱ ካልተከላከሉት ሰውየው ሞርፊኑን ይጠላዋል። ገላውን ከማጠባችሁ ወይም መኪና ላይ ከማውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት የሚወሰድ ተጨማሪ መጠን ካለ ሐኪሙን ጠይቁ። ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም አተነፋፈሱ በጣም ከዘገየ ቀጣዩን አትስጡ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህን ዓይነት እንክብካቤ ቤት ድረስ ሄዶ ይሰጣል። አንድ ደብተር ያዙ፤ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ ጧት፣ ማታና ሌሊት ጠይቃችሁ ከሰዓቱና ከሰጣችሁት መጠን ጋር ጻፉ፣ በቀጠሮው ቀን ይዛችሁ ቅረቡ። ሐኪሙ ቀጣዩን መጠን የሚያሰላው ከዚያ ነው።